ስለ ሠረገላ ሠዓሊዎችና ልጅን ሙያ ስለ ማስተማር

አንድ የከበረ ሰው በሠረገላ ተቀምጦ በአደባባይ ሲያልፍ፥ ተመልካች ሁሉ አስቀድሞ ፈረሶቹን፥ ቀጥሎ ሠረገላውን፥ ከዚያም በውስጡ የተቀመጠውን ጌታ ያያል። ያን ሠረገላ እንደ መስተዋት ፊት እስኪያሳይ ድረስ ቀለም የቀባውን፥ በደጁም ላይ የጌታውን የማዕርግ ምልክት የሣለውን ሰው ግን የሚያስበው የለም። እኛ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለዚሁ ስለ ተረሳው ባለ ሙያ፥ ይልቁንም በእንግሊዝ አገር የፋብሪካ ሥራ ገና በሚጀመርበት ዘመን ስለ ነበሩት የሠረገላ ሠዓሊዎች ጥቂት ነገር ለማውሳት ወደድን። ነገሩ የሩቅ አገርና የሩቅ ዘመን ቢሆንም፥ ልጁን ለሙያ የሚሰጥ አባትና እናት ሁሉ ሊያስብበት የሚገባው ቁም ነገር አለበት። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር መንገዱ እየተሻሻለ ንግዱም እየሰፋ ሲሄድ፥ ሠረገላ መያዝ የመኳንንት ብቻ መሆኑ ቀረ። ነጋዴውም ሐኪሙም ጠበቃውም እንደ ዐቅሙ ሠረገላ ይገዛ ጀመር። በሎንዶን ከተማ ሎንግ ኤከር የሚባለው ጎዳና የታወቀ የሠረገላ ሠሪዎች ሰፈር ነበር። አንድ ሠረገላ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ በብዙ ባለ ሙያ እጅ ያልፋል። አናጢው አካሉን፥ መንኰራኵር ሠሪው መንኰራኵሩን፥ ቀጥቃጩ ብረቱን፥ ቆዳ ሰፊው ጣሪያውንና መቀመጫውን ይሠራሉ። ይህን ሁሉ እንጨትና ብረት ለዓይን የሚያስከብረው ግን ቀለም ቀቢው ነበር። የሌሎቹ ሥራ የቱን ያህል ቢያምር ቀለሙ የተበላሸ እንደሆነ ገዥው ይቈጣል፥ ሠረገላውንም ዝናምና ፀሐይ ፈጥነው ያጠፉታል። ዊልያም ፌልተን የተባለ የሎንዶን ሠረገላ ሠሪ ከ1794 ጀምሮ ስለ ሠረገላ አሠራር ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የእያንዳንዱን ሥራ ዋጋ አንድ ባንድ ዘርዝሮ ጽፏል፤ ገዥው እንዳይታለል፥ ሠሪውም እንዳይጐዳ በማለት ነው።

አሁን ቀለሙ እንዴት እንደሚቀባ እንናገር። ሣንቃው አስቀድሞ ነጭ የእርሳስ ቀለም በተልባ ዘይት ተበጥብጦ ይቀባል። ሲደርቅ ይደገማል፤ ደግሞም ሲደርቅ ይሠለሳል። ከዚህ በኋላ ከቢጫ አፈር የተሠራ ወፈር ያለ ቀለም ደጋግሞ ይለቀለቅበታል፤ ይህም የእንጨቱን ቀዳዳና ስንጥቅ ሁሉ የሚደፍን ነው። ቀጥሎ ከእሳተ ገሞራ የሚገኘውን ቀላልና ሻካራ ድንጋይ በውሃ እየነከሩ፥ ሣንቃው እንደ ዕንቍላል ቅርፊት እስኪለሰልስ ድረስ ያሹታል። ዋናው ቀለም የሚቀባው ገና ከዚህ በኋላ ነው። በቀለሙም ላይ ኮፓል ከሚባል ሙጫ የተሠራ ቫርኒሽ ደጋግሞ ይፈስበታል። ከዚህ ሙጫ ብዙው በ19ኛው መቶ ዓመት ከምሥራቅ አፍሪካ፥ ከዛንዚባር በኩል በመርከብ ይሄድ ነበር። ቫርኒሹም በደረቀ ቍጥር እንደ ገና በላመ ዱቄት ይታሻል፥ እንደ ገናም ይቀባል።

ይህ ሁሉ የሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም የወራት ሥራ ነው። በመካከሉ አንድ ቀን እንኳ ቢቸኩሉና ያልደረቀውን በሌላ ቢሸፍኑት፥ ስሕተቱ ለጊዜው አይታይም። ሠረገላው ተሸጦ በጌታው ደጅ ከቆመ በኋላ ግን ፀሐይ ሲነካው ቀለሙ ይሰነጠቃል። አቧራም የዚህ ሙያ ጠላት ነው፤ ስለዚህ ቫርኒሽ በሚቀባበት ቤት ወለሉን ውሃ ይረጩበት፥ በሩንና መስኮቱን ይዘጉ ነበር። አባቶች «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለዚህ ሙያ የተነገረ ይመስላል።

ቀለም ቀቢዎቹም ሁሉ በአንድ ደረጃ አልነበሩም። አንዳንዶቹ ሣንቃውን የሚለቀልቁና የሚያሹ ነበሩ። ሌሎቹ መስመር ያሰምሩ ነበር፤ በመንኰራኵሩና በጠርዙ ላይ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ያለ ማስመሪያ በእጃቸው ብቻ ይስቡ ነበር። ከሁሉ በላይ ያለው ግን የማዕርግ ምልክት ሠዓሊው ነው። በእንግሊዝ መኳንንት ዘንድ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ከአባቶቹ የወረሰው ምልክት አለው፤ ጋሻ፥ በጋሻውም ላይ ልዩ ልዩ ቀለምና ሥዕል፥ በግራና በቀኝም ጋሻውን ደግፈው የሚቆሙ አንበሳ ወይም ሌላ አውሬ ይሆናል። ሠዓሊው የዚህን ሁሉ ሕግ ማወቅ ነበረበት። ከቀለሙ አንዱን ወይም ከአውሬው አቋቋም ጥቂቱን ቢለውጥ የአንዱን ቤት ክብር ለሌላው ሰጠ ማለት ነውና፥ ስሕተቱ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። መንግሥትም ይህን የክብር ፍቅር አይቶ በ1798 ግብር ጣለበት፤ የማዕርግ ምልክት ያለው ሰው ሠረገላ የሚይዝ እንደሆነ በዓመት 2 ጊኒ እንዲከፍል ታዘዘ። ይህ ግብር የቀረው በ1944 ነው።

ሠረገላ የጌቶች ብቻ አልነበረም። ጆን ፓልመር የተባለ ሰው ባቀረበው አሳብ በ1784 ነሐሴ 2 ቀን የመጀመሪያው የፖስታ ሠረገላ ከብሪስቶል ተነሥቶ በ16 ሰዓት ሎንዶን ገባ። ከዚህ በኋላ የመንግሥት ፖስታ ሠረገላዎች በየአውራ ጎዳናው በዙ። ቀለማቸውም አንድ ዓይነት ሆነ፤ የታችኛው ሣንቃ ጠቈር ያለ ቀይ፥ የላይኛው ጥቁር፥ መንኰራኵሩ ደማቅ ቀይ ነበር። በደጁ ላይ የንጉሡ ምልክት፥ በላይኛው ሣንቃ ላይ የጋርተር፥ የባዝ፥ የቲስልና የቅዱስ ፓትሪክ የተባሉት የአራቱ ኒሻኖች ኮከብ ይሣልበት ነበር። ስለዚህ በሩቅ መንደር የሚኖር፥ የንጉሡን ከተማ አይቶ የማያውቅ ገበሬ እንኳ፥ በአንድ ቀለም ቀቢ እጅ የተሣለውን የመንግሥቱን ምልክት በደጃፉ ሲያልፍ ያይ ነበር።

ይህን ያህል ስለ ሥራው ከተናገርን፥ አሁን ስለ ሰዎቹ እንናገር። ቻርልስ ካተን በ1728 በኖርዊች ከተማ ተወለደ። አባቱ ሁለት ጊዜ አግብቶ 35 ልጆች እንደ ወለደ ተጽፏል፤ በእንደዚህ ያለ ቤት ልጅ የሚጠብቀው ርስት እንደሌለ አንባቢ ሳንነግረው ያውቀዋል። አባቱ ለልጁ ያወረሰው ሙያ ነበር፤ በሎንዶን ለአንድ የሠረገላ ሠዓሊ ተለማማጅ አድርጎ ሰጠው። ካተን ቀን የጌታውን ሥራ እየሠራ፥ ሴንት ማርቲንስ ሌን በተባለው የሥዕል ትምህርት ቤትም ይማር ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሠዓሊዎች በጋሻው ግራና ቀኝ ያሉትን አራዊት እንደ ልማዱ ብቻ፥ ሕይወት እንደሌለው ዕቃ ይሥሏቸው ነበር። ካተን ግን አንበሳውን እንደ አንበሳ፥ ፈረሱንም እንደ ፈረስ፥ ሥጋና ጅማት እንዳለው አድርጎ ሣለው። በዚህም ስሙ ተጠራና የንጉሥ ጆርጅ 3ኛ የሠረገላ ሠዓሊ ሆነ።

ስመ ጥሩው ሠዓሊ ጆሽዋ ሬይኖልድስ በ1760 ገደማ ወደ አዲስ ቤት ሲገባ እጅግ ያጌጠ ሠረገላ ገዝቶ ነበር። መንኰራኵሩ የተቀረጸና በወርቅ የተለበጠ ነው፤ በሣንቃው ላይ ደግሞ አራቱን የዓመት ወቅቶች ካተን ሥሎበታል። ሬይኖልድስ ራሱ በሥራ ስለሚጠመድ እኅቱ ፍራንሰስ በዚያ ሠረገላ እየተቀመጠች በከተማው እንድትዘዋወር ያዛት ነበር። እርስዋ ግን ዐይናፋር ነበረችና ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ሲያያት ታፍር ነበር። ብዙ ወሬ ነጋሪ ከሚያስታውቀው ይልቅ አንድ ሥዕል ያለበት ሠረገላ ባለቤቱን እንዲያስታውቅ ሬይኖልድስ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

በ1768 ታኅሣሥ 10 ቀን በንጉሡ ፈቃድ የእንግሊዝ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሲቋቋም፥ ሬይኖልድስ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ከመሥራቾቹም አንዱ ካተን ነበር። ጆን ቤከር የተባለው ሌላው መሥራች ደግሞ በሠረገላ ሣንቃ ላይ አበባ በመሣል ያደገ ሰው ነው። ከፍሎረንስ የመጣው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቺፕሪያኒም መሥራች ነበር። እርሱ በ1762 ተሠርቶ ያለቀውን የንጉሡን የወርቅ ሠረገላ ሣንቃዎች የሣለ ነው። ይህ ሠረገላ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱ 4 ቶን ያህል ነው፤ የሚስቡትም 8 ፈረሶች ናቸው። እንግዲህ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፥ የመኳንንትን ፊት የሚሥሉት ታላላቅ ሠዓሊዎችና በሠረገላ ደጅ ላይ አንበሳና አበባ የሚሥሉት ባለ ሙያዎች እኩል ተቀመጡ። ካተን በ1784 የቀለም ቀቢዎችና የሠዓሊዎች የጥንት የሙያ ማኅበር አለቃ ሆኖ ተመረጠ፥ በ1798ም ሞተ።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ሮበርት ስመርክ ነው። በ1753 በካርላይል ከተማ አጠገብ ተወልዶ፥ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳይሞላ በሎንዶን ለአንድ የማዕርግ ምልክት ሠዓሊ ተለማማጅ ሆነ። በ20 ዓመት ዕድሜው ገደማ ወደ አካዳሚው ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1793 ደግሞ የአካዳሚው ባለ ሙሉ መብት አባል ሆነ። ልጁ ሰር ሮበርት ስመርክ የሎንዶኑን የብሪቲሽ ሙዚየም ታላቅ ሕንጻ ያቀደ መሐንዲስ ነው። ሌላው ልጁ ሲድኒ ስመርክ በዚያው ሙዚየም ውስጥ በ1857 የተከፈተውን ክብ የንባብ አዳራሽ አቀደ። አያት ልጁን የሠረገላ ሠዓሊ ዘንድ ሲያስገባው፥ የልጅ ልጆቹ የዓለም ጠቢባን የሚሰበሰቡበትን ቤት ይሠራሉ ብሎ ያሰበ አይመስለንም። ነገር ግን ለመስመር ቅንነት የሚጠነቀቅ እጅና ለልክ የሚጠነቀቅ ዓይን በአባትየው ቤት የታወቁ ነገሮች ነበሩ።

ሦስተኛው ምሳሌ ግን የተለየ ነው። ጆን ማርቲን በ1789 በሰሜን እንግሊዝ ሄይደን ብሪጅ በተባለው መንደር አንድ ክፍል ብቻ ባላት ጎጆ ተወለደ። ሥዕል እጅግ ይወድ ስለ ነበር፥ በ14 ዓመቱ አባቱ በኒውካስል ከተማ ለአንድ ሠረገላ ሠሪ የማዕርግ ምልክት ሥዕል እንዲማር በውል ሰጠው። በዚያ ዘመን በ1563 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ተለማማጅ ቢያንስ ለ7 ዓመት ይታሰር ነበር፤ ይህም ድንጋጌ የተሻረው በ1814 ነው። ልጁ በጌታው ቤት ከሥራው ሁሉ ዝቅተኛውን ይሠራል፤ ጌታውም በተራው ሙያውን ሳይደብቅ ሊያስተምረውና የተዋዋለውን ሊፈጽምለት ግዴታ ነበረበት። ማርቲን የመጀመሪያውን ዓመት ከጨረሰ በኋላ ግን በደመወዙ ነገር ከጌታው ጋራ ተጣላ። ተስፋ የተሰጠኝ ገንዘብ ተከለከለብኝ በማለት ሥራውን ትቶ ሄደ። ጉዳዩ ዳኞች ፊት ቀረበ፤ ውሉም ፈረሰ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንለምናለን። የ15 ዓመት ልጅ፥ የድኻ ልጅ፥ በከተማ የታወቀ ባለ ጠጋ ጌታ ሲከሰው ማን ይሰማዋል? አባቱም ያን ጊዜ «ጌታህን አስቀየምህ» ብሎ ሊያባርረው ወይም «ሥዕል ይቅርብህ፥ በሬ ንዳ» ሊለው ይችል ነበር። ነገር ግን ቤተ ሰቡ ተስፋ አልቈረጠም። ቦኒፋስ ሙሶ የተባለ ጣሊያናዊ መምህር ዘንድ አስገባው። ማርቲን በ1806 ወደ ሎንዶን ሄዶ በሸክላ ዕቃና በመስተዋት ላይ እየሣለ እንጀራውን ይበላ ጀመር። በ1821 በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 የተጻፈውን የንጉሥ ብልጣሶርን ግብዣ የሣለበትን ሥዕል ለሕዝብ አሳየ፤ በዚህም ሥዕል 200 ጊኒ ተሸለመ፤ ሕዝብም ሊያየው ይጋፋ ነበር። ያ ልጅ በኒውካስል ውሉ በፈረሰ ጊዜ ቢተው ኖሮ፥ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። ጌታውም ቃሉን ቢጠብቅ ኖሮ፥ የታላቁ ሠዓሊ መምህር ተብሎ ስሙ በመልካም በተነሣ ነበር።

ይህን ሙያ ስናመሰግን መከራውን መደበቅ አይገባንም። ያ ነጭ የእርሳስ ቀለም መርዝ ነው። ራማዚኒ የተባለው የጣሊያን ሐኪም በ1700 ስለ ባለ ሙያዎች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ ሠዓሊዎች በሚሠሩበት ቀለም ምክንያት እንደሚታመሙ ጽፎ ነበር። እርሳስ ወደ ሰውነት ሲገባ ብርቱ የሆድ ቍርጠት ያመጣል፤ ፊት ይገረጣል፤ ሲብስም የእጅ አንጓ ጅማት ይሰንፍና እጅ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ለሠዓሊ ከዚህ የሚብስ ምን አለ? በውሃ እየነከሩ ማሸት ትቢያውን ይቀንሰው ነበር፤ ደረቁን ቀለም በሸካራ ወረቀት መፈተግ ሲለመድ ግን ትቢያው ወደ ሳንባ ይገባ ጀመር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በእርሳስ መመረዝ ብዙ ሰው ከሚታመምባቸው ሥራዎች አንዱ የሠረገላ ሥራ እንደ ነበረ የመንግሥት መዝገብ ያሳያል። ሠራተኛውም እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ቢቈርስ፥ ወይም ትቢያ የሞላበትን ልብሱን ለብሶ ልጆቹን ቢያቅፍ፥ መርዙን ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ልጅን ለሙያ የሚሰጥ ወላጅ፥ ደመወዙ ስንት ነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት ሥራው በጤናው ላይ ምን ያመጣል ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

የሠረገላው ዘመን ብዙ አልቈየም። በ1830 መስከረም 15 ቀን ከሊቨርፑል እስከ ማንቸስተር የተሠራው የምድር ባቡር ተከፈተ፤ በ1846ም የመጨረሻው የፖስታ ሠረገላ ከሎንዶን ወጣ። በየመንገዱ የነበሩት የፈረስ ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች ባዶ ቀሩ፤ ብዙ ነጂዎችም ሥራ ፈቱ። ቀለም ቀቢው ግን ከሌሎቹ ይልቅ ተረፈ። የመጀመሪያዎቹ የባቡር ሠረገሎች በፈረስ ሠረገላ አምሳል ስለ ተሠሩ፥ ያንኑ ቀለም፥ ያንኑ መስመር፥ ያንኑ ምልክት የሚፈልጉ ሆኑ። ኋላም አውቶሞቢል ሲመጣ፥ በ1920ዎቹ ፈጥኖ የሚደርቅ አዲስ ቀለም እስኪገኝ ድረስ፥ በዚያው በጥንቱ ልማድ በብሩሽና በቫርኒሽ ይቀባ ነበር። ሠረገላው አለፈ፤ እጁ ግን ያወቀውን ይዞ ወደ ሌላ ሥራ ተሻገረ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፥ የእጅ ሥራን መናቅ አለማወቅ ነው። ከሠረገላ ደጅ ተነሥተው ከንጉሥ አካዳሚ የደረሱትን አይተናል። ሁለተኛ፥ ሙያ በአንድ ቀን አይገኝም፤ ልጁ ሣንቃ ሲያሽ ወራት ቢያልፉት ወላጅ «ልጄ ምንም አልተማረም» ብሎ አይቸኵል፤ ከታች ያለው ያልደረቀ ቀለም በላይኛው ቢሸፈንም መሰንጠቁ አይቀርምና። ሦስተኛውና ዋናው ግን ቃል መጠበቅ ነው። ልጅ በትዕግሥት እንዲያገለግል እንደምንመክረው ሁሉ፥ ጌታውም የተዋዋለውን እንዲፈጽም፥ ወላጅም ውሉን አንብቦ እንዲይዝና ልጁ በተበደለ ጊዜ አጠገቡ እንዲቆም እንመክራለን። የልጅ ታዛዥነት ብቻውን ሙያ አያወጣም፤ የመምህሩ ታማኝነትና የወላጁ ጥበቃ ሲጨመሩበት ነው።

የንጉሥ ጆርጅ 3ኛ የወርቅ ሠረገላ ዛሬም በሎንዶን አለ። በ1831 ከተደረገው ከዊልያም 4ኛ የዘውድ በዓል ጀምሮ በእንግሊዝ ነገሥታት የዘውድ በዓል ሁሉ ወጥቷል፤ በ2023 ግንቦት 6 ቀንም ንጉሥ ቻርልስ 3ኛ ዘውድ ከጫኑ በኋላ በዚያው ሠረገላ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ተመልሰዋል። የተቀመጡበት ነገሥታት ተፈራርቀዋል፤ ፈረሶቹም ተለዋውጠዋል። በሣንቃው ላይ ያለው ሥዕል ግን ከ260 ዓመት በኋላ ገና ይታያል። ልጁን መልካም ሙያ ያስተማረ ወላጅም እንዲሁ ነው፤ ስሙ በደጁ ላይ ባይጻፍ እንኳ ሥራው ከእርሱ በኋላ ይታያል።